ባለ ሥራና ሠራተኛ በአንድ አሳብ ስለ መተባበር

ብዙ ሰዎች ተሰብስበው አንድ ታላቅ ሥራ ለመጀመር በተነሡ ጊዜ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ገንዘብና መኪና ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ገንዘብና መኪና ማስፈለጉ አይካድም፤ ነገር ግን ገንዘብ ቢበደሩት ይገኛል፥ መኪናም ቢገዙት ይመጣል። በብድርም በግዥም የማይገኘው፥ ሥራውን የሚያዝዘውና ሥራውን የሚሠራው ሰው አንዱ የሌላውን ቃል አምኖ በአንድ አሳብ መቆሙ ነው። ይህ ሲጐድል አዛዡ ሠራተኛውን ሲጠብቅ፥ ሠራተኛውም የአዛዡን ዞር ማለት ሲጠብቅ ቀኑ ያልፋል፤ ሥራውም በሁለቱ መካከል ያለ ባለቤት ይቀራል።

ይህንን አንድ አሳብ በአሁኑ ዘመን «የጋራ ዕሴት» ይሉታል። በብዙ ኩባንያና በብዙ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ታማኝነት፥ ትጋት፥ ቅንነት፥ ደንበኛን ማክበር የሚሉ ቃሎች በመልካም ጽሕፈት ተጽፈው ተሰቅለው ይታያሉ። ቃሎቹ ሁሉ መልካም ናቸው፤ የሚነቅፋቸውም የለም። ነገር ግን አስተውሎ ያነበባቸው ሰው አንድ ነገር ሳይጠይቅ አያልፍም። ይኸውም፥ ይህ ቃል የሚያስረው ማንን ነው? የሚል ነው። ሠራተኛው በሰዓቱ ባይገኝ ደመወዙ ይቈረጣል፤ ኩባንያው ደመወዙን በቀኑ ባይከፍል ምን ይደረጋል? ሠራተኛው ቢዋሽ ይሰናበታል፤ አለቃው የሠራተኛውን ድካም በራሱ ስም ቢያቀርብ ማን ይጠይቀዋል? አንዱን አስሮ ሌላውን የሚለቅ ቃል ትእዛዝ ይባላል እንጂ የጋራ አይባልም። ትእዛዝም በቦታው ተገቢ ነገር ነው፤ ስሙን ለውጦ የጋራ ነው ማለት ግን ሰሚውን መናቅ ነው።

የጋራ ሕግ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። የሀገራችን ሕዝብ በዕቁቡና በዕድሩ ሲሠራበት ኖሯል። የዕቁብ ዳኛ እንደ ማንኛውም ዕቁብተኛ ድርሻውን ይከፍላል። የዕድር ዳኛም ያለ ምክንያት ከቀብር ቢቀር እንደ ሌላው ሰው መቀጫ ይጣልበታል። የዕድር ሕግ ያለ ወታደርና ያለ ወኅኒ ቤት የሚከበርበት ምክንያት ሌላ አይደለም፤ ሕጉን የሚያስፈጽመው ሰው ራሱ ከሕጉ በታች መሆኑን ሁሉ ስለሚያይ ነው። ታላላቅ ኩባንያዎች ግን ባለ ገንዘቡ በአንድ ወገን፥ ሠራተኛው በሌላ ወገን ሆኖ የሚቆምባቸው ስለ ሆኑ፥ ይህ ደንብ እንደ ዕድር በቀላሉ አይገኝባቸውም፤ አስቦና ደክሞ የሚያቆመው ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ በኢንዱስትሪ አስቀድመው ከሄዱት ሀገሮች ታሪክ ሦስት ሰዎችን አንሥተን፥ ማን እንደ ተሳሳተና ማን እንደ ተሳካለት እንመልከት። ለእነዚህ ታሪኮች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ጆርጅ ፑልማን የተባለው አሜሪካዊ ባለጸጋ ነው። ይህ ሰው ተሳፋሪዎች ሌሊት ተኝተው የሚሄዱበትን የምድር ባቡር ሠረገላ እያሠራ እጅግ የበለጸገ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ከቺካጎ ከተማ በስተ ደቡብ፥ በስሙ የተጠራ ከተማ ለሠራተኞቹ ማሠራት ጀመረ። ቤቶቹ በጡብ የታነጹ፥ መንገዱ የተስተካከለ፥ መጻሕፍት ቤት፥ ቴያትር ቤት፥ ገበያና ቤተ ክርስቲያን የቆመበት ከተማ ነበርና፥ ከሩቅ ሀገር ሳይቀር ሰዎች እየመጡ ያደንቁት ነበር። ፑልማን ይህንን ሲያደርግ፥ ንጹሕ ቤትና መልካም ሥርዓት ያገኘ ሠራተኛ ሰካራምም አድመኛም አይሆንም ብሎ አስቦ ነው። አሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም።

ነገር ግን በዚያ ከተማ ያለው ሁሉ የኩባንያው ነበር። ሠራተኛው የሚኖርበትን ቤት ይከራያል እንጂ ሊገዛው አይችልም፤ ከተማውም ለኩባንያው ከመቶ 6 ትርፍ እንዲያስገባ ታስቦ የተሠራ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ እንኳ ኪራይ የሚጠየቅበት ስለ ነበረ፥ ኪራዩን የሚችል ጉባኤ እስኪገኝ ድረስ ባዶውን ቆሞ ነበር። በ1893 ዓ.ም. በአሜሪካ ታላቅ የገንዘብ ችግር በተነሣ ጊዜ፥ ኩባንያው የሠራተኛውን ደመወዝ በመካከለኛ ግምት ከመቶ 25 ያህል ቀነሰ፤ የቤቱን ኪራይ ግን አልቀነሰም። ለባለ አክሲዮኖቹ የሚሰጠው ከመቶ 8 ትርፍም እንደ ቀድሞው ተከፈለ። በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. የሠራተኞች መልእክተኞች ቀርበው አቤት ባሉ ጊዜ፥ የተሰጣቸው መልስ የቤት ኪራይና የፋብሪካ ደመወዝ የማይገናኙ ጕዳዮች ናቸው የሚል ነበር። ወዲያውም ከመልእክተኞቹ መካከል ሦስቱ ከሥራ ተሰናበቱ፤ በማግሥቱም ሠራተኛው ሥራውን ጥሎ ወጣ።

ይህ አድማ ወደ ምድር ባቡር ሠራተኞች ተዛምቶ በብዙ የአሜሪካ ክፍል ባቡር እስኪቆም ድረስ ደረሰ፤ መንግሥቱም ወታደር አዘዘ፤ የሰውም ደም ፈሰሰ። አድማው ተሸነፈ፤ ፑልማን ግን አላሸነፈም። በ1897 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ፥ የተቈጣ ሰው መቃብሩን እንዳይከፍተው ቤተ ሰቡ ስለ ፈራ ሬሳው ያለበት ሣጥን በብረትና በሲሚንቶ ተደፍኖ ተቀበረ። በሚቀጥለው ዓመትም የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ ኩባንያው ለፋብሪካ ሥራ የማያስፈልገውን የከተማውን ንብረት እንዲለቅቅ ፈረደበት።

ፑልማን ለሠራተኛው ብዙ ነገር አዘጋጅቶ ነበር። ያላዘጋጀው ነገር ቢኖር ችግርን አብሮ መካፈልን ነው። በጥጋብ ጊዜ አንድ ቤተ ሰብ ነን ብሎ፥ በችግር ጊዜ የእናንተ ሌላ የእኔ ሌላ የሚል ሰው የመጀመሪያውን ቃሉን ራሱ ያፈርሰዋል። ሠራተኛው የአለቃውን ቃል የሚመዝነው በበዓል ቀን በሚሰማው ንግግር አይደለም፤ ትርፍ በጐደለ ጊዜ ጕድለቱ መጀመሪያ በማን ላይ እንደሚወድቅ አይቶ ነው።

ሁለተኛው ሰው ሮበርት ኦወን ነው። በ1800 ዓ.ም. በስኮትላንድ፥ በክላይድ ወንዝ ዳር ያለውን የኒው ላናርክን የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ማስተዳደር በያዘ ጊዜ፥ ሠራተኞቹ እንደ ባዕድ ቈጥረው አላመኑትም። ስካርን ሲከለክልም፥ ሥርዓት ሲያወጣም፥ ይህ ሁሉ ትርፉን ለማብዛት ነው እያሉ ዓመታት አለፉ። ኋላ ግን አሜሪካ ንግዷን በከለከለች ጊዜ የጥጥ ዋጋ እጅግ ወጣ፤ ብዙ ፋብሪካዎችም ሠራተኞቻቸውን በተኑ። ኦወን መኪናዎቹን አቁሞ፥ ሠራተኞቹ መኪናውን እየጠረጉና እየጠበቁ እንዲቆዩ አድርጎ፥ አራት ወር ሙሉ ደመወዛቸውን ሳያጐድል ከፈለ። ይህም ከ7,000 ፓውንድ በላይ አስወጣው። እርሱ ራሱ በጻፈው የሕይወቱ ታሪክ እንደ ተናገረው፥ የሠራተኛው ልብ የተከፈተለት ከዚያ በኋላ ነው። የብዙ ዓመት ምክር ያልፈጸመውን ነገር የአራት ወር ሥራ ፈጸመው።

ሆኖም የኦወን ሥራ አንድ ጕድለት ነበረበት፤ መልካምነቱ በአንድ ሰው ልብ ላይ የቆመ ነበር። ደግ ጌታ ያገኘ ሠራተኛ ዕድለኛ ነው፤ ጌታው ሲሞት ወይም ሲሄድ ግን በእጁ የሚቀር ነገር የለውም። ቸርነት ለሰጪው ጽድቅ ይሆናል፤ ለተቀባዩ ግን መብት አይሆንለትም።

ይህንን ጕድለት አስተውሎ የሞላው ሦስተኛው ሰው ኤርንስት አቤ የተባለው ጀርመናዊ ነው፤ ስለ እርሱም ሰፋ አድርገን እንናገራለን። አቤ በ1840 ዓ.ም. በአይዘናኽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በክር ፋብሪካ ሠራተኛ ሆኖ በቀን 14፥ ሥራ በበዛም ጊዜ 16 ሰዓት ቆሞ ይሠራ ነበር። አቤ ኋላ እንደ ተናገረው፥ ልጅ ሳለ የአባቱን ምሳ ወደ ፋብሪካው ያደርስ ነበር፤ አባቱም መኪናውን ተደግፎ ቆሞ፥ ቸኵሎ ከበላ በኋላ ዕቃውን መልሶለት ወዲያው ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። ጠንካራ የነበረው ያ ሰው በ48 ዓመቱ መልኩም አቋሙም የሽማግሌ ሆነ። ልጁ ግን በትምህርት ብልህ ሆኖ ስለ ተገኘ የፋብሪካው ባለቤት ለትምህርቱ ረዳው። አቤም ካደገ በኋላ የጌታውን ርዳታ ሳይክድ የአባቱንም ድካም ሳይረሳ ኖረ።

ተምሮ በዬና ዩኒቨርሲቲ መምህር ከሆነ በኋላ፥ በ1866 ዓ.ም. ካርል ዛይስ ለሥራ ረዳትነት ጠራው። ዛይስ በ1846 ዓ.ም. በዬና ትንሽ የሥራ ቤት ከፍቶ፥ ረቂቁን ነገር የሚያጐላውን ማይክሮስኮፕ የተባለውን መነጽር ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን የሚሠራው በሙከራ እንጂ በሒሳብ አልነበረም። አቤ ምስል በማይክሮስኮፕ ውስጥ የሚፈጠርበትን ሕግ መርምሮ በ1873 ዓ.ም. አሳተመ። ከዚያ ወዲያ መነጽሩ አስቀድሞ በሒሳብ እየተቀመረ ይሠራ ጀመር፤ ትንሹም የሥራ ቤት በዓለም የታወቀ ፋብሪካ ሆነ። አቤም ከባለቤቶቹ አንዱ ሆኖ በለጸገ።

ዛይስ በ1888 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ አቤ ሰው ያልጠበቀውን ነገር አደረገ። በ1889 ዓ.ም. በሟቹ ባልንጀራው ስም ፋውንዴሽን የሚባለውን የአደራ ድርጅት መሠረተ፤ በ1891 ዓ.ም. በፋብሪካው የነበረውን የባለቤትነት ድርሻ ለዚሁ ድርጅት አስተላለፈ። ባለ ሀብት የነበረው ሰው በገዛ ፈቃዱ ደመወዝተኛ ሆነ። በእርሱ አሳብ፥ ያንን ሀብት ያፈራው የብዙ ሠራተኛ እጅና የዩኒቨርሲቲው ዕውቀት ስለ ሆነ፥ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም ነበር።

ይሁን እንጂ ታላቁ ሥራው ገንዘቡን መስጠቱ አይደለም፤ በ1896 ዓ.ም. ያወጣው መተዳደሪያ ሕግ ነው። ከዚህ ሕግ ለነገራችን የሚጠቅመውን እንጥቀስ። ሠራተኛ ሲቀጠርም ሲሾምም ዘሩ፥ ሃይማኖቱና የፖለቲካ አሳቡ እንዳይታይ ተደነገገ። የሥራው ሰዓት ተወሰነ፤ ደመወዝ የማይቋረጥበት የዕረፍት ጊዜም ተፈቀደ። ለሸመገለና ለታመመ ሠራተኛ ጡረታ ተመደበ፤ ይህም በልመና የሚገኝ ሳይሆን፥ ቢከለከል በዳኛ ፊት የሚሟገትበት መብት ሆነ። ከትርፉ ለሠራተኛው ድርሻ እንዲሰጥ ታሰበ። ያለ ጥፋቱ ለሚሰናበት ሠራተኛ ካሣ እንዲከፈለው ታዘዘ፤ ይህንንም ያደረገው ለርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ኩባንያው ሥራ ሲሞቅ ያለ መጠን ቀጥሮ፥ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰውን እንዳይበትን ለራሱ ልጓም እንዲሆነው ነው። ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀው፥ የማንም ሹም፥ የበላዩ ዲሬክተርም ቢሆን፥ ዓመታዊ ደመወዙ ከሠራተኛው መካከለኛ ደመወዝ ከ10 እጅ እንዳይበልጥ መወሰኑ ነው።

የዚህን የመጨረሻውን አንቀጽ ምስጢር ልብ ብሎ ማየት ይገባል። አንቀጹ አለቃና ሠራተኛ እኩል ይብሉ አይልም፤ አሥር እጅ ታላቅ ልዩነት ነው። ነገር ግን አለቃው ከወሰኑ ላይ በደረሰ ጊዜ የራሱን ደመወዝ ከፍ ለማድረግ ቢወድድ፥ አስቀድሞ የሠራተኛውን ከፍ ማድረግ ግድ ይሆንበታል። የሁለቱ ጥቅም በአንድ ገመድ ታሰረ ማለት ነው። የጋራ ጥቅም ምን እንደ ሆነ በብዙ ስብከት ከማስረዳት ይልቅ ይህ አንድ አንቀጽ ይበቃል።

አቤ የሥራውን ሰዓት ያሳጠረበት መንገድም ትምህርት አለው። በሚያዝያ ወር 1900 ዓ.ም. የቀኑ ሥራ ከ9 ሰዓት ወደ 8 ሰዓት ሲወርድ፥ የቀድሞውን ያህል ሥራ በ8 ሰዓት መሥራት ይቻል እንደ ሆነ አስቀድሞ ሠራተኞቹን ጠይቆ ድምፃቸውን ተቀበለ። ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በሠሩት ሥራ ልክ የሚከፈላቸውን የ233 ሠራተኞች ሒሳብ አስቀርቦ ካለፈው ዓመት ጋር አስተያየ። የቀኑ ሥራ ሳይጐድል እንዲቀር፥ በየሰዓቱ የሚሠራው ከመቶ 12.5 መጨመር ነበረበት፤ ተመርምሮ የተገኘው ግን ከመቶ 16 ያህል ጨምሮ ነው። ሰዓቱ ቢያጥር ሥራው በዛ። በዚህ ነገር ሠራተኛው ተጠይቆ ቃል ሰጠ፤ ቃሉንም ፈጸመ። ኩባንያውም በበኩሉ ቃሉን ጠበቀ። በሁለቱም ወገን የተሰጠው ቃል በቍጥር ተመዘነ፤ በሚመዘን ነገር ላይ ደግሞ ጥርጣሬ ቦታ አያገኝም።

ይህንን ሁሉ ስናመሰግን እውነቱን ደብቀን ማለፍ አይገባንም። አቤ በ1905 ዓ.ም. ሞተ። የሰው ዘሩ እንዳይታይ የሚል ሕግ በነበረው በዚያው ፋብሪካ፥ በሂትለር ዘመን፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከየሀገራቸው በግድ የተወሰዱ ሰዎች ሳይወዱ እንዲሠሩ ተደረጉ። ሕግ በወረቀት ላይ ተቀምጦ ራሱን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሰው ይሻል። ከጦርነቱ በኋላ ኩባንያው እንደ ሀገሩ ለሁለት ተከፍሎ ኖሮ፥ ጀርመን አንድ ከሆነች በኋላ በ1991 ዓ.ም. እንደ ገና ተገናኘ። ዛሬም የዛይስ ኩባንያ ባለቤት ያው አቤ የመሠረተው ድርጅት ነው። በጦርነት፥ በመከፈልና በመንግሥት ለውጥ መካከል አልፎ የቀረው የአንድ ሰው ደግነት አይደለም፤ ደግነቱ ወደ ሕግ ስለ ተለወጠ ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፥ ዓመቱንም በራሳችን አቈጣጠር ስንናገር፥ ለዚህ ነገር የሚመሰክር የታወቀ ሥራ አለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በተቋቋመ ጊዜ፥ ሥራውን የሚያስተዳድሩት ቲ ደብልዩ ኤ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ የሚያበሩትም የውጭ ሀገር ሰዎች ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ሥራውን እየተማሩ እንዲተኩ የተሰጠው ተስፋ ግን በወረቀት ላይ አልቀረም። አብራሪውም መካኒኩም እየሠለጠነ ቦታውን ያዘ፤ በ1963 ዓ.ም. ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በዚያ ቤት የገባ ወጣት፥ ከፊቱ የቆመው መሰላል እስከ ላይ ድረስ የሚያወጣ መሆኑን በዓይኑ አየ። ትምህርትን እንወዳለን የሚል ቃል በግድግዳ ላይ ቢጻፍና አንድ ሰው ተምሮ ሲሾም ቢታይ፥ የትኛው እንደሚታመን ለማንም ግልጥ ነው።

ሕጉም ቢሆን አልጐደለንም። የሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. ተቋቁሟል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011፥ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ሠራተኞች ማኅበር እንዲያቆሙ፥ ከአሠሪውም ጋር የኅብረት ስምምነት እንዲዋዋሉ ይፈቅዳል። የኅብረት ስምምነት ማለት፥ ባለ ሥራውና ሠራተኛው ተቀምጠው ተነጋግረው፥ ሁለቱም የሚታሰሩበትን ቃል በፊርማቸው የሚያጸኑበት ጽሑፍ ነው። ስለዚህ የጋራ ዕሴትን የሚፈልግ አስተዳዳሪ ከግድግዳው በፊት ወደዚህ ጽሑፍ ሊመለከት ይገባዋል። ስምምነቱን እንደ ጠላት ውል ቈጥሮ የሚሸሽ አለቃ፥ ስለ አንድነት ቢናገር የሚሰማው የለም።

ባለ ገንዘቡ ገንዘቡን ለአደጋ የሰጠ ስለ ሆነ፥ እንዴት ከሠራተኛው ጋር በአንድ ሕግ ይታሰራል የሚል ሰው አይጠፋም። ገንዘቡን የሰጠ ሰው ድርሻው ቢበልጥ ቅሬታ የለንም። የምንለው፥ ድርሻው ይብለጥ፥ ሕጉ ግን አይለይ ነው። ሠራተኛውም ለአደጋ የሰጠው ነገር አለ፤ እርሱም ዕድሜውና ጕልበቱ ነው፤ ገንዘብ ቢጠፋ ይተካል፥ የጠፋ ዕድሜ ግን አይተካም። ኦሪት ዘዳግም የቀን ሠራተኛ ዋጋው ሳይውል ሳያድር እንዲከፈለው የምታዝዘውም ስለዚህ ነው፤ ትእዛዙ ለአሠሪው የተሰጠ መሆኑን ሊቃውንቱ ያውቁታል።

ሠራተኛውም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። የሥራውን ሰዓት በወሬ የሚያሳልፍ፥ የተረከበውን ዕቃ የሚያባክን፥ የባልንጀራውን ስንፍና የሚሸፍን ሰው፥ የጋራውን ማዕድ የሚያጐድል ነው። አለቃው ቃሉን በጠበቀበት ቤት እንዲህ ያለው ሠራተኛ በአለቃው ብቻ ሳይሆን በባልንጀሮቹ ዘንድ ይነቀፋል፤ ነቀፌታው ከባልንጀራ መምጣቱ አሳቡ በእውነት የጋራ ለመሆኑ ምልክት ነው።

እንግዲህ በመንግሥት ድርጅትም ሆነ በግል ኩባንያ ላይ የተሾሙ ሰዎች ሦስት ነገር ቢያስቡ መልካም ነው። አንደኛ፥ ለሠራተኛው ቃል ከመጻፋቸው በፊት፥ ያንኑ ቃል እነርሱ ቢያፈርሱ የሚደርስባቸውን አብረው ይጻፉ። ሁለተኛ፥ የችግር ጊዜ ሲመጣ ቅነሳውን ከላይ ይጀምሩ፤ የአለቃው መኪናና አበል ሳይነካ የሠራተኛው ደመወዝ ከተነካ፥ የብዙ ዓመት እምነት በአንድ ቀን ይፈርሳል። ሦስተኛ፥ ሠራተኛውን ጠይቀው፥ ሒሳቡን ገልጠው፥ የተስማሙበትን በጽሑፍ ያጽኑት፤ ሹም ይሻራል፥ ባለቤትም ይለወጣል፥ ጽሑፉ ግን ለሚመጣው ይቈያል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ምሳሌ በየስብሰባው እንሰማዋለን። ድር የሚያብረው ግን ሁሉም ክር በእኩል ሲጠበቅ ነው፤ አንዱ ክር ልል ሆኖ ሌላው ብቻ ከተወጠረ፥ የተወጠረው ይበጠሳል፥ ልሉም ብቻውን ምንም አያስርም። ሠራተኛውን አጥብቆ የያዘ ሕግ አለቃውንም አጥብቆ ይያዝ፤ ያን ጊዜ ቃሉ በግድግዳ ላይ ባይጻፍም በሥራው ላይ ተጽፎ ይነበባል።